ቅጠሉን ብቻ ብልክስ?

ጥያቄ፦ ደንገጎ ዳገት ላይ ስሙን የማላውቀው ቁጥቋጦ አየሁ። ቅጠሉን አዲስ አበባ ላለው የዕፅዋት ክምችት ብልክ ማንነቱን ይነግሩኛል? (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ ቅጠል ብቻማ አይበቃም ወንድሜ! አበባ ወይም ፍሬ ያለበትን ቅርንጫፍ ቁረጥ፣ በጋዜጣ መሃል ዘርግተህ ከባድ ነገር ጫንበት፣ የረጠበውን ጋዜጣ በየቀኑ ቀይር፣ አለዚያ ይሻግታል። አበባው ሲደርቅ ቀለሙ ይጠፋል። ስለዚህ እዚያው ቆመህ ቀለሙን፣ ቦታውን፣ ቀኑንና የአካባቢው ሰው የሚጠራበትን ስም ጻፍ። እውነቴን ነው፣ ይህ ጽሑፍ ከሌለ ናሙናው ለጥናት እምብዛም አይረባም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም ያልከው የደረቁ ዕፅዋት ክምችት፣ እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመ ነው። ባለሙያዎቹ ያንተን ቅርንጫፍ ቀድሞ ከተሰበሰበው ጋር እያስተያዩ ይለዩታል። ግን መጀመሪያ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲን ጠይቅ፤ እዚያም ክምችት አለ፣ ላንተ ደግሞ ቅርብ ነው።