ጥያቄና መልስ፦ ብሉ ሬዩ ላይ ጤፍ የተበተነ ይመስላል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ጀርመን ያለው ወንድሜ ብሉ ሬይ (ከዲቪዲ የጠራ ምስል የሚይዝ ዲስክ) ማጫወቻና ጥቂት የድሮ ፊልሞች ልኮልኝ ነበር። ቲቪዬ 43 ኢንች ፉል ኤችዲ ነው። ግን ሰማዩም የሰው ፊቱም ላይ ጤፍ የተበተነ ይመስላል። ጓደኞቼ «በፍላሽ የምናየው ይሻላል፣ ጥርት ያለ ነው» እያሉ ያበሽቁኛል። ዲስኩ ፎርጅድ ይሆን? ማጫወቻውንስ ልሽጠው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ኧረ እንዳትሸጠው! ያ ጤፍ የምትለው የፊልሙ የራሱ ነው። እነዚያ የድሮ ፊልሞች የተቀረጹት በዲጂታል ካሜራ ሳይሆን በጥቅል ፊልም ነው፤ እዚያ ላይ ብርሃኑን የሚቀበሉት ጥቃቅን የብር ውህድ ቅንጣቶች ናቸው። ጥሩ ዲስክ እነሱንም ሳይቀር ያሳይሃል። ብሉ ሬይ ለምስሉ ብቻ በሰከንድ እስከ 40 ሜጋቢት መረጃ ይፈቅዳል። ጓደኞችህ በፍላሽ የሚያዩት የ2 ሰዓት ፊልም 2 ጊጋባይት ከሆነ ግን በሰከንድ የሚደርሰው 2 ሜጋቢት ገደማ ነው፤ በዚያች ጥበት መጀመሪያ የሚጣለው ይኸው ቅንጣት ነው፣ አብሮትም የፊት ቆዳው፣ የጨርቁ ሽመና፣ የሩቁ ዛፍ ቅጠል ይሄዳል። «ጥርት ያለ» የሚሉት ይህን ሁሉ ያጣውን ምስል ነው።

ካላመኑህ ጨለማ ያለበት፣ ጭስ ወይም ጉም የሚታይበት ቦታ ምረጥና ሁለቱንም አሳያቸው። ፍላሹ ላይ ጥቁሩ ቦታ አራት ማዕዘን እየሠራ ይቆራረጣል፣ ጉሙም እርከን እርከን ይሆናል። ፀሐይ ላይ በተቀረጸ ትዕይንት ልዩነቱ ብዙም አይታይም።

ደህናው ቅንጣት በየቅጽበቱ ይለዋወጣል፣ ይንቀሳቀሳል። ሰዎቹ ሰም የተቀቡ ከመሰሉህ ግን ዲስኩን ያዘጋጁት ሰዎች ቅንጣቱን ሲያጸዱ ፊቱንም አብረው አጥፍተውታል። ለእኔ እውነተኛው ጉድለት ይኼ ነው።

ዲስኩ ላይ ከመፍረድህ በፊት ደግሞ ቲቪህን አስተካክል። ብዙ ቤት ቲቪው ሱቅ ውስጥ እንደነበረው «ቪቪድ» ወይም «ዳይናሚክ» ላይ ነው የሚቀረው፤ ያ ለሱቅ መብራት እንጂ ለሳሎን አልተሠራም። ወደ «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» ቀይረው። መጀመሪያ ቢጫ መስሎ ይታይሃል፣ ዓይንህ እስኪለምደው ታገስ። ሻርፕነሱን (የምስሉን ጠርዝ የሚያጎላውን ሴቲንግ) ቀንሰው፤ ቅንጣቱን የሚያገዝፈውና በነገሮች ዙሪያ ነጭ መስመር የሚያሰምረው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ቀንሰኸውም መስመሩ ካልጠፋ ችግሩ ዲስኩ ላይ ነው።

እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውንም ሴቲንግ አጥፋው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው። ያ ሴቲንግ በመሃል የራሱን ምስል እየፈጠረ ስለሚያስገባ ፊልሙ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚደረገው የፈረስ ግልቢያ በቀጥታ ሲተላለፍ የምታየውን ዓይነት ይሆናል። ለስርጭት ያምራል፣ ለፊልም አይሆንም።

ገመዱ ኤችዲኤምአይ መሆኑን እይ። ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ባለው ከሰካኸው እያየህ ያለኸው የዲቪዲ ጥራት ነው፣ ድካምህ ሁሉ በከንቱ። ርቀቱም ቀላል ነገር አይደለም፤ ለ43 ኢንች 1 ሜትር ተኩል ግድም ቀረብ ብለህ ካላየህ፣ ግድግዳ ጥግ ሶፋ ላይ ሆነህ ብሉ ሬይንና ዲቪዲን መለየት ይከብድሃል።

ወንድምህ ሌላ ዲስክ ሊልክ ካሰበ «ቢ» የሚል የቀጠና ምልክት (ዲስኩ የሚከፈትበትን የዓለም ክፍል የሚያሳይ) ያለውን ይምረጥ፤ አውሮፓም አፍሪካም አንድ ቀጠና ናቸው። በፈረንጆቹ 2016 የወጣው ጥቁር ሣጥን ያለው «አልትራ ኤችዲ» ዲስክ ግን ባንተ ማጫወቻ አይከፈትም፣ ብሩን እዚያ ላይ እንዳያጠፋ ንገረው።