ያልተወለወለውን «ተወልውሏል» ብዬ ልፈርም?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የግል ሆስፒታል የፅዳት ሱፐርቫይዘር ነኝ። የቀጠረኝ ግን ሆስፒታሉ ሳይሆን የፅዳት ሥራውን በኮንትራት የያዘ ድርጅት ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ የሆስፒታሉ የኢንፌክሽን መከላከል ባለሙያ በአልጋ ብረትና በበር እጀታ ላይ በዓይን የማይታይ ጄል እየቀባች በማግስቱ በዩቪ መብራት ታያለች። ውጤታችን ዝቅ ስላለ አለቃዬ የየክፍሉን ቼክሊስት «ሁሉም ተፀድቷል» ብዬ በጅምላ እንድፈርም አዘዘኝ። ምልክቱ ሳይጠፋ በተገኘበት ክፍል የተመደበች ሠራተኛ ከደመወዟ ይቆረጥባታል። ውሃ በጠፋበት፣ በረኪና ባለቀበት ቀንም ያው ነው። ሰሞኑን ደግሞ የቀዶ ሕክምና ቁስሏ ያመረቀዘባት ታካሚ ቤተሰቦች እንከሳለን ብለዋል። ብፈርም እጠየቃለሁ? ባልፈርም ያባርሩኛል? ስሜ እንዳይወጣ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያላረጋገጡትን ክፍል ተፀድቷል ብለው አይፈርሙ። ቅጹን ግን ባዶውን አይመልሱት። «ክፍል 7፣ የአልጋ ብረትና የግሉኮስ መስቀያ አልተወለወለም፤ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ የለም» ብለው ሰዓቱን አስፍረው ይፈርሙ። ወረቀቱን አልነካም ካሉ ትእዛዝ አልቀበልም እንዳሉ ተደርጎ ሊቀርብብዎ ይችላል። እውነቱን ጽፈው ከፈረሙ ግን የተቀጠሩበትን ሥራ ሠርተዋል።

ይህን አጥብቄ የምለው እዚያ ሆስፒታል ውስጥ ስለ አንድ ክፍል ሁለት መዝገብ ስላለ ነው። አንዱ የእርስዎ ቼክሊስት ነው፤ ሁለተኛው የባለሙያዋ የዩቪ ውጤት። ጄሉ የሚቀባው ሰው እጅ የሚበዛበት ቦታ ላይ ነው፦ የአልጋ ብረት፣ የነርስ መጥሪያ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የመታጠቢያ ቤት እጀታ። በደንብ ከተወለወለ ይለቃል፤ በማግስቱ ቦታው ላይ ካበራ ያ ቦታ አልተነካም ወይም በይስሙላ ታልፏል። ስለዚህ በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል እርስዎ «ተፀድቷል» ብለው ፈርመው የባለሙያዋ መዝገብ «ምልክቱ አልጠፋም» ካለ፣ የከሳሽ ጠበቃ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለዳኛው ያሳያል። ከሁለቱ አንዱ ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው።

የዩቪው ውጤትም ቢሆን ከሚናገረው በላይ መናገር የለበትም። ምልክቱ ጠፋ ማለት ጨርቅ አልፎበታል ማለት እንጂ ተህዋስያን የለም ማለት አይደለም። አንዳንድ ሆስፒታሎች የሚጠቀሙበት የኤቲፒ መለኪያም የሚያሳየው በቦታው ላይ የቀረውን ኦርጋኒክ ቅሪት ነው፤ የትኛው ባክቴሪያ እንዳለ አይለይም። በዓይን ማየት ደግሞ ከሁሉም ደካማው ነው፤ የሚያብረቀርቅ ጠረጴዛ ንጹሕ ላይሆን ይችላል። ሆኖም አሲኔቶባክተርን የመሰሉ ተህዋስያን በደረቅ ገጽ ላይ ለወራት ሊቆዩ ስለሚችሉ ክትትሉ ትርፍ ሥራ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ለድንገተኛና ለአጭር ጊዜ ሕክምና ከሚተኙ 100 ታካሚዎች 15ቱ ሆስፒታል ውስጥ በሚገኝ ኢንፌክሽን ይያዛሉ ብሏል፤ በሀብታሞቹ አገሮች 7ቱ።

አሁን ወደ ተጠያቂነቱ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2141 መሠረት ጉዳት ደረሰብኝ የሚል ወገን የጉዳቱን መጠንም ተከሳሹን ተጠያቂ የሚያደርገውን ሁኔታም ማስረዳት አለበት። የቀዶ ሕክምና ቁስል የሚያመረቅዘው ከታካሚዋ ቆዳ፣ ከሐኪም እጅ፣ ከመሣሪያ ወይም ከክፍሉ በመጣ ተህዋስ ሊሆን ይችላል። የአልጋው ብረት ቆሽሾ ነበር ማለት ብቻውን ምክንያቱን አያረጋግጥም። ሆስፒታሉን በተመለከተ አንቀጽ 2651 የሕክምና ተቋም ሐኪሞቹና ረዳት ሠራተኞቹ በጥፋታቸው በታካሚ ላይ ለሚያደርሱት ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ፅዳቱን ለኮንትራክተር ሰጥቻለሁ የሚለው መከላከያ ሩቅ የሚወስደው አይመስለኝም፤ ለታካሚዋ ንጹሕ አልጋ የመስጠት ግዴታ የገባው እሱ ነው፣ የክትትሉ ውጤትም በየቀኑ እጁ ላይ ይደርስ ነበር። የእርስዎ ድርጅት ደግሞ በሠራተኞቹ ጥፋት በአንቀጽ 2129 እና 2130 ሊጠየቅ ይችላል። ሁለቱም ጥፋተኛ ከተባሉ በአንድነትና በነጠላ ይከፍላሉ፤ ማለትም ታካሚዋ ሙሉውን ካሳ ከፈለገችው ከአንዳቸው መጠየቅ ትችላለች።

እርስዎ በግል የሚጠየቁት ጥፋቱ የእርስዎ ሲሆን ነው። የአለቃ ትእዛዝ ነበር የሚለው ቃል ብዙ አያድንዎትም፤ ወረቀቱ ላይ የአለቃዎ ስም የለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 559 በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስን ይቀጣል፤ በሙያው ወይም በሥራው የሰውን ጤና የመጠበቅ ግዴታ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ይከብዳል። የሌላውን መብት ለመጉዳት ወይም የማይገባ ጥቅም ለማግኘት ታስቦ የሚዘጋጅ ሐሰተኛ ሰነድም ወንጀል ነው። ኮንትራቱ እንዲታደስ ተብሎ የተሞላ ቼክሊስት ምን ያህል ወደዚያ እንደሚጠጋ ይታይዎታል። ከዚህም በላይ ነገሩ ሲገለጥ ያዘዘዎት ሰው ራሱ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 27 «አጭበርብራለች» ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብትዎ መንገድ ያገኛል።

ያባርሩኛል ላሉት፣ ሊሞክሩ ይችላሉ። ነገር ግን የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 26 ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡን ለስንብት በቂ ምክንያት አያደርገውም። አንቀጽ 93 ደግሞ በጤናና በደኅንነት ላይ ያዩትን ጉድለት ለአሠሪው ወዲያው እንዲያሳውቁ ግዴታ ያደርግብዎታል። ስለዚህ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፉ፦ ውሃ የጠፋባቸው ቀናት፣ በረኪና ያለቀባቸው ቀናት፣ ጓንት ያልቀረበባቸው ፈረቃዎች። ለድርጅቱ ያስገቡ፤ ለሆስፒታሉ የኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴም ግልባጭ ያድርጉ። ቀን ተጽፎበት የተቀበለው ሰው የፈረመበትን ቅጂ ቤትዎ ያስቀምጡ። ከከሳሽ ጋር የሕክምና ውል ስለሌለዎት በእርስዎ ላይ የሚቀርበው ክስ በመርሕ ደረጃ በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳል፣ ከዚያ በኋላ ሊቀርብ አይችልም፤ በሆስፒታሉ ላይ በውል የሚመሠረተው ግን እስከ 10 ዓመት ሊቆይ ስለሚችል ያን ጊዜም ለምስክርነት ሊጠሩ ይችላሉ። የታካሚ ካርድ፣ ስም ወይም ፎቶ ግን በፍጹም አያውጡ። የምስጢር ጥሰት ከተነሳ የእርስዎ እውነት ይሸፈናል። የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ 699/2003ንም አይመኩበት፤ የታሰበው ለከባድ ወንጀሎች ነው።

ደብዳቤው ላይ የአቅርቦቱን ጉዳይ በደንብ ያስፍሩ። 5 በመቶ የሆነ በረኪና 1 እጅ ከ9 እጅ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ነው 0.5 በመቶ የሚሆነው፤ ያውም በየቀኑ አዲስ መዘጋጀት አለበት፣ ገጹም አስቀድሞ በሳሙናና ውሃ መታጠብ አለበት፣ ቆሻሻ የክሎሪኑን ኃይል ስለሚያዳክም። ውሃ በሌለበት ቀን ይህን ማንም ሴት በጉልበቷ አታመጣውም። በረኪና ከመጋዘን የወጣበት ሰነድ ጥፋቱ ወዴት እንደሚያደርስ ያሳያል።

የደመወዝ ቅጣቱ ከሁሉም ይበልጥ አናድዶኛል። ከማንም ያነሰ የሚከፈላቸው ሴቶች ያልቀረበላቸውን በረኪና ዋጋ እየከፈሉ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 59 ግልጽ ነው፦ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ ሠራተኛው በጽሑፍ ሳይስማማ ከደመወዝ መቁረጥ አይቻልም፤ ቢቆረጥም ከወር ደመወዙ ከሲሶ አይበልጥም። የሥራ ደንቡን ቅጂ ይጠይቁ። ቅጣቱ በደንቡ ውስጥ ካልተጻፈ፣ ሠራተኞቹ የተቆረጠባቸውን በየስማቸውና በየወሩ ዘርዝረው ወደ ከተማው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ይሂዱ፤ ካልተፈታ ጉዳዩ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይሄዳል። የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ስለሚታገድ የመጀመሪያው የተቆረጠበትን ወር ዛሬውኑ ይቁጠሩ። እርስዎ ከተባረሩ ወደ ሥራ ለመመለስ የሚጠይቁበት ጊዜ ያጠረ ነው፦ ከስንብቱ ቀን ጀምሮ 3 ወር ብቻ። ወደ ሥራ ካልተመለሱ፣ ውልዎ ላልተወሰነ ጊዜ ከሆነ፣ ከሌሎች ክፍያዎች ጋር የአማካይ ቀን ደመወዝዎን 180 እጥፍ ካሳ መጠየቅ ይችላሉ።