ብዙም ያልተወራላቸው የምርጫ ዘመቻ ፊልሞች

ስለ ምርጫ ዘመቻና የሕዝብን ስሜት ስለ መጠምዘዝ ከተሠሩት ፊልሞች መካከል ተገቢውን ቦታ ያላገኙት የትኞቹ እንደሆኑ ለጠየቁት፣ እኔ የማስቀድመው ኤልያ ካዛን እ.ኤ.አ. በ1957 የሠራውን «ኤ ፌስ ኢን ዘ ክራውድ» ነው። ከአርካንሳስ እስር ቤት ውስጥ የተገኘ አንድ ጊታር ተጫዋች በራዲዮ ቀጥሎም በቴሌቪዥን ይገናል፤ እዚህ ግባ የማይባል እንክብል የወንድነት ኃይል የሚሰጥ አስመስሎ ከሸጠ በኋላ፣ ያንኑ ዘዴ ለሕዝብ ባዕድ የሆነን አንድ ሴናተር ለማስወደድ ያውለዋል። ጊታር ተጫዋቹን ሆኖ የሚተውነው አንዲ ግሪፊዝ ሲስቅ ማየት ብቻውን ያስፈራል። መጨረሻውን ግን አልነግርዎትም።

ሁለተኛው የፓብሎ ላሬን «ኖ» (2012) ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ቺሊያውያን የወታደራዊ አምባገነናቸውን የፒኖቼትን ሥልጣን መራዘም ውድቅ ያደረጉበትን ሕዝበ ውሳኔ ይተርካል። ለእያንዳንዱ ወገን በየዕለቱ 15 ደቂቃ የቴሌቪዥን ጊዜ ተሰጥቶ ስለነበር፣ «አይሆንም» ለሚለው ወገን የሚሠራው ወጣት የማስታወቂያ ባለሙያ የአገዛዙን ሰቆቃ ከመዘርዘር ይልቅ ደስታንና ቀስተ ደመናን ይመርጣል። ፊልሙ የተቀረጸው ሕዝበ ውሳኔው በተካሄደበት ዘመን በነበረው ዓይነት የቪዲዮ ካሜራ በመሆኑ፣ እውነተኛው የማኅደር ምስልና ትወናው አይለዩም። ቅሬታዬ፣ መራጮችን ለማስመዝገብ በየሰፈሩ የተደከመውን ድካም ወደ ጎን ትቶ ድሉን ለማስታወቂያው ብቻ የሰጠ መምሰሉ ነው።