ዲቪደንዱ የሚበልጠው ፈንድ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከእናታችን ጋር እኖራለሁ። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ለእማማ መድኃኒትና ወጪ እንዲሆን በራሱ ስም 5 ሺህ ዶላር አክሲዮን ላይ ሊያስቀምጥ አስቧል። ሁለት ፈንዶች (የብዙ ሰው ገንዘብ አሰባስበው የሚያስተዳድሩ) መርጧል፤ ኤስሲኤችዲ (SCHD) እና ኤስኪውኪውኪው (SQQQ)። ባልደረባው «ሁለተኛው ገበያ ሲወድቅ ሶስት እጥፍ ያተርፋል፣ ዲቪደንዱም (የትርፍ ክፍፍሉም) ይበልጣል» ብሎታል። እውነትም ስልክ ላይ የሚያሳየው ቁጥር ይበልጣል። ግማሽ ግማሽ ብናደርገውስ? — ት.

መልስ፦ እህቴ ት.፣ ግማሽ ግማሹ ይቅርባችሁ። ወንድምሽ ሁለተኛውን ለእናታችሁ ብሎ እንዳይገዛ ዛሬውኑ ደውይለት።

እዚህ ለገጣፎ ጎረቤቶቼ ውስጥ የባንክ አክሲዮን ያላቸው አሉ። ባንኩ ሲያተርፍ ጠቅላላ ጉባኤው ይወስናል፣ እነሱም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ኤስሲኤችዲም ከዚህ አይርቅም። በ2011 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን፣ 100 ያህል የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮን ይይዛል። ኩባንያዎቹ ቢያንስ 10 ዓመት በተከታታይ ዲቪደንድ የከፈሉ መሆን አለባቸው። ፈንዱ ለአገልግሎቱ የሚቆርጠው 0.06 በመቶ ነው፤ ከ1 ሺህ ዶላር ላይ በዓመት 60 ሳንቲም ማለት ነው።

ኤስኪውኪውኪው ግን ኩባንያ አይገዛም። ናስዳክ 100 የሚባለው ኢንዴክስ (በናስዳክ ገበያ ያሉ 100 ያህል ትልልቅ ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ) በአንድ ቀን 1 በመቶ ሲወርድ 3 በመቶ እንዲወጣ፣ ሲወጣ ደግሞ 3 በመቶ እንዲወርድ ከባንኮች ጋር ውል ይገባል። ውሉ የአንድ ቀን ነው። በማግስቱ ሂሳቡ ከአዲስ ይጀምራል። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው።

በቁጥር እንየው። ኢንዴክሱም ፈንዱም 100 ላይ ናቸው እንበል። ሰኞ ኢንዴክሱ 10 በመቶ ወጥቶ 110 ሆነ። ፈንዱ 30 በመቶ ወርዶ 70 ገባ። ማክሰኞ ኢንዴክሱ ወደ 100 ተመለሰ፤ ይህ የ9.09 በመቶ ቅናሽ ነው። ፈንዱ የዚህን ሶስት እጥፍ፣ 27.27 በመቶ ይጨምራል፤ ግን የሚጨምረው በ70 ላይ ነው። 89 ገደማ ላይ ይቆማል። ገበያው የትም አልሄደም፣ የእናታችሁ ገንዘብ ግን 11 ዶላር ጎድሏል። ይህ በየሳምንቱ ሲደጋገም አስቢው። ዋጋው እየሟሸሸ ስለሚሄድ ፈንዱ የራሱን አክሲዮኖች እየጠቀለለ ቁጥራቸውን ይቀንሳል፤ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. አምስቱን አንድ አድርጓል።

ባልደረባው የተናገረው ውሸት ነው አልልም። በ2022 ናስዳክ 100 ወደ 33 በመቶ ሲወድቅ ይህን ፈንድ የያዘ አትርፏል። በ2023 ግን ኢንዴክሱ ከ50 በመቶ በላይ ወጣ። ያኔም ይዞት የቆየ ሰው ምን እንደደረሰበት ገምቺ።

አሁን ወደ ዲቪደንዱ። ይህ ፈንድ የሚያከፋፍለው ከኩባንያ ትርፍ ሳይሆን በዋናነት ለውሉ መያዣ ካስቀመጠው ገንዘብ የሚያገኘውን ወለድ ነው። ወለድ ወደ ዜሮ ሲጠጋ የሚከፈል ነገር ይጠፋል። ስልክ ላይ የምታዪው መቶኛ ደግሞ ያለፉት 12 ወራት ክፍያ ለዛሬ ዋጋ ተካፍሎ የመጣ ነው። ፈንዱ 100 ዶላር እያለ 8 ዶላር ከፍሎ ዛሬ 50 ቢገባ፣ ስልኩ 16 በመቶ ይልሻል። ዋጋው በወደቀ ቁጥር ቁጥሩ ያምራል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ስንቱ ሰው በዚህ ይታለላል።

ግማሽ ግማሹም አንዱ የሌላውን ኪሳራ አይሸፍንም። ኤስሲኤችዲ የያዛቸው ኩባንያዎችና ናስዳክ 100 እኩል አይሄዱም፤ ሁለቱም ፈንዶች ባንድነት የሚወርዱበት ጊዜ አለ።

ኤስሲኤችዲም ቢሆን ይወርዳል፣ ኩባንያዎችም ዲቪደንድ ይቀንሳሉ። በዓመት 3.5 በመቶ ከፈለ ብንል ከ5 ሺህ ዶላር 175 ዶላር ነው፣ ግብር ሳይነሳ። የእማማን የመድኃኒት ወጪ አስሊና ከዚህ ጋር አስተያዪው። የመጪዎቹ ወራት መድኃኒት መግዣ ጨርሶ አክሲዮን ውስጥ አይግባ፤ በጥሬው ይቀመጥ። አክሲዮን ላይ የሚውለው ለዓመታት የማትነኩት ብቻ ይሁን።

ሂሳቡ በወንድምሽ ስም መሆኑ ደግ ነው። እዚያ ነዋሪ ላልሆነ የውጭ ዜጋ የአሜሪካ ኩባንያ ዲቪደንድ በአብዛኛው 30 በመቶ ተቆርጦ ነው የሚደርሰው። ይህን የሚያስቀንስ የግብር ስምምነት በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የለም።

ኤስሲኤችዲ በዓመት አራት ጊዜ ይከፍላል፤ በማርች፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በዲሴምበር። ዲቪደንዱ በራሱ ተመልሶ አክሲዮን እንዲገዛ የሚያደርግ ምርጫ ሂሳቡ ላይ አለ። ለእማማ የሚላክ ከሆነ ወንድምሽ እሱን ያጥፋው።