ደሙ ከቆመ በኋላ ለምን ባሰባት?

ጥያቄ፦ ታላቅ እህቴ ድንገት ኃይለኛ ራስ ምታት ይዟት ወደቀችና ሆስፒታል ወሰድናት፤ በአንጎሏ ውስጥ ያበጠ የደም ሥር ፈንድቶ ደም እንደፈሰሰ ነገሩን። ሐኪሞቹ የፈነዳውን ዘግተው ደሙ ቆሟል አሉን፤ እሷም ታነጋግረን ነበር። በሳምንቱ ግን ቃላት ይጠፉባት፣ ቀኝ እጇም ይዝልባት ጀመር። ጭንቅላቷ ላይ ብዙ ሽቦ ለጥፈው «የአንጎሏ ኤሌክትሪክ ተዛብቷል» አሉን፤ አንድም ጊዜ ግን አልተንቀጠቀጠችም። የሚጥል በሽታ ያዛት ማለት ነው?
(ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የፈነዳው የደም ሥር መዘጋቱ ዳግም እንዳይደማ ያደርጋል እንጂ አስቀድሞ የፈሰሰውን ደም አያስወግድም። በአንጎልና በስስ ሽፋኖቹ መካከል የቀረው ደም እየፈራረሰ ሲሄድ የሚለቃቸው ንጥረ ነገሮች በዙሪያው ያሉትን የደም ሥሮች ያኮማትራሉ። ከሕሙማኑ ሲሶ በሚያህሉት ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ4ኛው እስከ 14ኛው ቀን ድረስ፣ የአንጎል ክፍል ደም እያነሰው ሁለተኛ ጉዳት ይደርሳል። እህትዎ በሳምንቷ መባባሷም ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ለብዙ ዘመን ጥፋቱ ሁሉ የሚላከከው በደም ሥር መኮማተር ላይ ነበር። ይሁን እንጂ ክላዞሴንታን የተባለው መድኃኒት መኮማተሩን በግልጽ ቢቀንስም በትልልቅ ጥናቶች የሕሙማኑን የኋላ ኑሮ አላሻሻለም፤ በየ4 ሰዓቱ ለ21 ቀን የሚሰጠው ኒሞዲፒን ደግሞ መኮማተሩን እምብዛም ሳይለውጥ ጉዳቱን ይቀንሳል። እንግዲህ ሌላ ነገር እንዳለ ግልጽ ነው።

ያ ሌላ ነገር በከፊል ኤሌክትሪካዊ ነው። ብራዚላዊው ተመራማሪ አሪስቲደስ ሌያኦ እ.ኤ.አ. በ1944 በጥንቸል አንጎል ላይ አንድ እንግዳ ማዕበል መዝግቦ ነበር፤ ሕዋሳቱ ተራ በተራ የኤሌክትሪክ ኃይላቸውን እያጡ ዝም ይላሉ፣ ማዕበሉም በደቂቃ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ እየተጓዘ ይስፋፋል። ሕዋሳቱ ተመልሰው ለመነሳት ብዙ ጉልበት ያስፈልጋቸዋል። በጤናማ አንጎል የደም ሥሮቹ ሰፍተው ተጨማሪ ደም ይልኩላቸዋል፤ በተጎዳ አንጎል ግን እነዚሁ የደም ሥሮች በዚያው ሰዓት ሊጠቡ ስለሚችሉ፣ ሕዋሱ ይበልጥ በራበው ጊዜ ምግቡ ይቋረጥበታል። በበርሊኑ ሻሪቴ ሆስፒታል የሚሠሩት ዬንስ ድራየርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ይህ ማዕበል በተከታታይ ሲደጋገም ከዘገየው ጉዳት ጋር እንደሚያያዝ በሰው ላይ አሳይተዋል።

ይህን ማዕበል በራስ ቆዳ ላይ በተለጠፈ ሽቦ በደንብ ማየት ያስቸግራል፤ ሐኪሞች በቀዶ ሕክምና ወቅት አንጎሉ ላይ ቀጭን መመዝገቢያ ማኖር አለባቸው። በእህትዎ ራስ ላይ ያለው ኢኢጂ (በሽቦዎቹ የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ምርመራ) የሚያሳየው ፈጣኑ ሞገድ እየደበዘዘ በዘገምተኛው መተካቱን፣ እንዲሁም የሚጥል በሽታ ሞገድ የሚመስሉ ሹል ምልክቶች መብዛታቸውን ነው። እነዚህ ምልክቶች እጅ ከመዛሉ አስቀድሞ ሊታዩ ስለሚችሉ ለሐኪሙ ማስጠንቀቂያ ይሆኑለታል። አለመንቀጥቀጧም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ አካል ሳይንቀጠቀጥ አንጎል ውስጥ ብቻ የሚካሄድ መናድ (ድንገተኛ የአንጎል ኤሌክትሪክ መናወጥ) አለና። ያም ሆኖ ይህ ሁሉ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ የሚጥል በሽታ ያዛት ማለት አይደለም። ፀረ መናድ መድኃኒት ሊሰጧት ይችላሉ፤ ሹል ምልክቶቹን ማጥፋት ግን የዘገየውን ጉዳት እንደሚከላከል ገና አልተረጋገጠም።

መጀመሪያ የደም ግፊቷን ሲያወርዱ የነበሩት ሐኪሞች አሁን ከፍ እንዲል ቢያደርጉ አይደንግጡ፤ የፈነዳው ከተዘጋ በኋላ ዓላማው በጠበበው ሥር ውስጥ ደም እንዲያልፍ መግፋት ነው። ነርሷ በየሰዓቱ ቀስቅሳ ስሟን ስትጠይቃትም «ትተኛበት» ብላችሁ አትከልክሏት። ደግሞም እህትዎ በአማርኛ ስትናገር ቃል መሳሳቷን ወይም ዓረፍተ ነገሯ መሰበሩን በዚያ ክፍል የምታውቁት እናንተ ብቻ ልትሆኑ ትችላላችሁና፣ ለውጥ ባያችሁ ጊዜ ዙር እስኪደርስ ሳትጠብቁ ወዲያው ለነርሷ ንገሯት።