ሁለቱ ድፍድፎች

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በደምበጫ ከተማ አረቄ እያወጣሁ የምተዳደር እናት ነኝ። ልጄ ቤንዚንም፣ ናፍጣም፣ ላምባም ከአንድ ድፍድፍ ነዳጅ እንደሚወጡ ነገረኝ። ታዲያ ልዩነታቸው ከየት መጣ? ፋኖሴን የሚያጠቁረውን ላምባስ እንደ አረቄው ዳግም ባወጣው ይጠራልኝ ይሆን?

ከደምበጫ፣ ጎጃም

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ነዳጁን «ድፍድፍ» ብሎ የሰየመው ሰው የእርስዎን ሙያ ሳያውቅ አልቀረም። ድፍድፍ ነዳጅ በአብዛኛው ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ የብዙ ዓይነት ሞለኪውሎች ድብልቅ ሲሆን፣ ካርቦኖቹ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ በተርታ፣ አንዳንዴም በቀለበት ይያያዛሉ። ቤንዚን ከ4 እስከ 12፣ ላምባ ከ10 እስከ 16፣ ናፍጣ ከ12 እስከ 20 ገደማ ካርቦኖች ያሏቸውን ይይዛል፤ ተርታው በረዘመ ቁጥር ለመትነን የበለጠ ሙቀት ይጠይቃል።

እርስዎ ጋ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ በቀዝቃዛ ውኃ ወደተነከረው ዕቃ ይወርድና፣ ብርቱው ቀድሞ ቀጭኑ ኋላ ይመጣል። በማጣሪያ ፋብሪካ ግን ድፍድፉ እስከ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከጋለ በኋላ ከታች ሞቃት፣ ከላይ ቀዝቃዛ ወደሆነ ረጅም ማማ ስለሚገባ፣ ናፍጣው ዝቅ ብሎ፣ ላምባው ከእርሱ በላይ፣ ቤንዚኑ ከጫፉ አጠገብ በአንድ ጊዜ ይለያሉ፤ ከሥር የሚቀረው አተላ ለሬንጅ ይሆናል። አገራችንም እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1997 በሠራው የአሰብ ማጣሪያ ትገለገል ነበር፤ ዛሬ የተጣራውን በጅቡቲ በኩል ታስገባለች።

መለየት ብቻውን ግን ማጥራት አይደለም። በድፍድፉ ውስጥ ያለው ድኝ ከካርቦኑ ጋር በኬሚካል ተጣብቆ አብሮ ስለሚተን፣ ደጋግሞ ማውጣት አያስወግደውም። ስለዚህ ነዳጁ ከ300 እስከ 400 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀትና በከፍተኛ ግፊት፣ ለውጡን የሚያፋጥኑ ኮባልትና ሞሊብዲነም የተባሉ ብረቶች ባሉበት ከሃይድሮጅን ጋር ይገናኛል፤ ድኙም የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ሆኖ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ቢጫ ድኝ ይደረጋል።

የእርስዎን ላምባ በተመለከተ፣ እባክዎ በምድጃ አይጣዱት፤ ከማሰሮው የሚያመልጠው እንፋሎት እሳቱን ሲያገኝ ቤቱን ያያይዛል። ፋኖስ የሚጨሰው ብዙ ጊዜ ክሩ ከልክ በላይ ስለወጣ ወይም ላምባው ናፍጣ ስለተቀላቀለበት ነው፤ ክሩን በመቀስ አስተካክለው ዝቅ ያድርጉት። ጀሪካኑ ሲከፈት ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ግን ፋኖስ ውስጥ ፈጽሞ አይጨምሩት፤ የቤንዚን እንፋሎት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ እንኳ በክብሪት ይቀጣጠላልና።