ሪፖርቱ «ሞኖፌዚክ» ቢልም ግራፉን ሳታዩ አትደንግጡ

ሰላም እህቴ። የአባትሽ የእግር ዶፕለር (የደም ፍሰትን የሚያሳይ አልትራሳውንድ) ሪፖርት «ሞኖፌዚክ» ስላለ «ደም ስራቸው ተዘግቷል ማለት ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እናቴም ይኸው ቃል ተጽፎላት ቤቱ ሁሉ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ሐኪም አይደለሁም፤ አስታማሚ ነኝ። ግን በዚህ ጉዳይ ብዙ ተቃጥያለሁ።

1. ወረቀቱን ብቻ ይዘሽ አትውጪ፣ ግራፉንም ጠይቂ። ያረፈ ሰው ጤነኛ የእግር ደም ቅዳ ግራፉ ሦስት ክፍል አለው። ልብ ስትመታ ደሙ ወደ ፊት ይፈናጠራል፣ ለአፍታ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ከዚያ እንደገና ትንሽ ወደ ፊት ይሄዳል። ትራይፌዚክ የሚሉት ይሄን ነው። የመጨረሻዋ ጉብታ በዕድሜ ልትጠፋ ስለምትችል «ባይፌዚክ» ቢሉሽ ብዙ አትጨነቂ። ሞኖፌዚክ ግን ወደ ኋላ መመለሱ ጭራሽ ሲጠፋ ነው።

ጉዱ እዚህ ጋ ነው። መመለሱ የሚጠፋው ከላይ ጥበት ስላለ ብቻ አይደለም። ሰው ሲራመድ ወይም እግሩ ሲሞቅ ትንንሾቹ ስሮች ይከፈታሉ። ደሙን መልሶ የሚገፋ ነገር አይኖርም። ጤነኛ እግርም ያኔ ሞኖፌዚክ ያሳያል።

2. አባትሽ ከምርመራው በፊት አርፈው ነበር? እናቴ አላረፈችም። ሊፍቱ ተበላሽቶ ደረጃውን በእግሯ ወጣች፤ ገና ትንፋሿ ሳይመለስ «ቶሎ ይተኙ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» ተባለች። «ትንሽ ትረፍ» ስል መርማሪው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «አንተ ነህ ወይስ እኔ ነኝ የምሠራው?» አለኝ። ሪፖርቱ «ከብሽሽት በላይ ጥበት ይጠረጠራል» ብሎ ወጣ። ከዚያ ሲቲ አንጂዮግራፊ (ቀለም ተወግቶ ደም ስር የሚነሳበት ምርመራ) ታዘዘ። ስኳር ስላለባት ኩላሊቷ ቀለሙን ይችለው ይሆን ብለን ስንሳቀቅ ከረምን። ገንዘቡን ተይው። ውጤቱ? ስሯ ንጹህ ነው።

የደም ስር ስፔሻሊስቱ የመጀመሪያውን ግራፍ አምጡ ሲሉን ደግሞ ካርድ ክፍሉ «ምስል ለታካሚ አንሰጥም» አለ። ተሟግቼ አወጣሁት። ዶክተሩ አንዴ አይተው ሳቁ። አነሳሱ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ ነበር። እውነተኛ ጥበት ከላይ ካለ ከእሱ በታች ያለው ግራፍ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ አናቱ ይደፈጠጣል፣ ቁመቱም ያጥራል። እሳቸው ዘንድ ሩብ ሰዓት ያህል ጋደም ብላ ሲደገም ትራይፌዚክ ወጣ! አሁን ዘመድ ሁሉ ሪፖርቱን ይዞ የሚመጣው እኔ ጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ የደም ስር ሕክምናና የደም ስር አልትራሳውንድ ማኅበራት አንድ ላይ ሆነው የቃላቱን አጠቃቀም አስተካክለዋል። ከሞኖፌዚክ ጎን አነሳሱ ፈጣን ነው ወይስ የዘገየ፣ የስሩ ተቃውሞ (ደሙ ወደ ታች ሲፈስ የሚገጥመው እንቅፋት) ከፍተኛ ነው ወይስ ዝቅተኛ የሚለው አብሮ ይጻፋል። ያንቺ ሪፖርት ይሄ ከሌለው ጎደሎ ነው፤ ያሟሉልሽ።

3. ሦስተኛው ስለ ደሙ ፍጥነት ቁጥር ነው። የአልትራሳውንዱ ጨረር ከደሙ አቅጣጫ ጋር የሚሠራው አንግል ከ60 ዲግሪ ከበለጠ ቁጥሩን እንዳለ አትመኚው። ምስሉ ላይ ተጽፏል። ምስሉ ላይ ያለው ቀይና ሰማያዊ ቀለም ደግሞ ደሙ ወደ ፕሮቡ (ቆዳ ላይ ወደሚያስነኩት መሣሪያ) መምጣቱን ወይም መራቁን ብቻ ነው የሚያሳየው። ወንድሜ ሰማያዊውን አይቶ «የተበላሸ ደም» ብሎ እናቴን አስለቅሷት ነበር።

አባትሽ ስኳር ካለባቸው የቁርጭምጭሚት ግፊት ልኬት ሊያታልል ይችላል። ስሩ ሲደነድን አልጨመቅ ስለሚል ቁጥሩ ከፍ ይላል። የእግር ጣት ግፊት ይለካልን በያቸው።

እግራቸው ድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ ወይም ከደነዘዘ ግን ይሄን ሁሉ ተይና ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጪ። ቁስል አልድን ካለ ወይም ተኝተውም የሚያማቸው ከሆነም ቀጠሮ አትጠብቂ።

ካርድ ክፍሉ እንደኛው ካስቸገረሽ በቃል አትለማመጪ። ማመልከቻ ጽፈሽ ስጪ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም አስደርጊ፣ ምስሉንም በሲዲ ይገልብጡልሽ።